የእጅ ሚዛን

«ልጅህ ኮምፒውተሩን አቃጠለችው» ሲሉ ሰማች ሳቢራ። አጎቷ ሸረፈዲን ከመጋረጃው ወዲያ ቆመው ደሴ ካለው አባቷ ጋር በስልክ እያወሩ ነበር። እሷ ፊቷን ታጥባ ስትመለስ ነው፤ ፎጣውን እንደያዘች ባለችበት ቀረች። «ቀንም ሌሊትም እንደበራ ነው የሚውለው። ትናንት አዲስ ፓወር ሰፕላይ ገዝቼላታለሁ፣ መቶ ሃያ ሺህ ሽልንግ አውጥቼ። ዛሬ በሱ ካልተነሳ በቃ። ፈተናዋ ነገ ነው፤ ካለፋት ሱቅ ትገባለች። እኔም ሰው ያስፈልገኛል።» ከዚያ ስለ ዝናቡና ስለ አያቷ ጉልበት ተጠያየቁ። አባቷ ስለ እሷ ምን እንደመለሰ አልሰማችም። መጋረጃው ስስ ቢሆንም የአባቷ ድምፅ ከስልኩ አልፎ አይመጣም።

ኮምፒውተሩን ያቃጠለችው እሷ አልነበረችም። ከሦስት ቀን በፊት፣ ከሰዓት በኋላ፣ በሚኖሩበት ሰፈር በኦልድ ካምፓላ መብራት ሄደ። ሲመለስ አምፖሉ ለአፍታ ከልክ በላይ ደመቀ፤ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ትንሽ ድምፅ ተሰማ፣ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሰማው ያለ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ሳቢራ በዚያ ሰዓት ጓሮ ሩዝ እያጠበች ነበር። አጎቷ ከሱቅ ወደ ክፍሉ ገብተው አሸተቱ፣ ኮምፒውተሩን አዩ፣ ቀጥሎ እሷን አዩ። በዚያ ቤት ማየት ይበቃ ነበር። ማንም ምን እንደሆነ አልጠየቃትም፤ እሷም ሳትጠየቅ መናገር አትችልበትም። የምትማረው ስታቲስቲክስ ነው፣ ሦስተኛ ዓመት፣ የመጨረሻው መንፈቅ። በኮሮናው ምክንያት ፈተናው በኢንተርኔት ሆኗል፤ ፈተናው የሚሰጥበት ፕሮግራም ደግሞ በስልክ አይከፈትም። ሰፈሩ ውስጥ የነበሩት ሁለት ኢንተርኔት ቤቶች ከተዘጉ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ አንደኛው አሁን ሙዝ ይሸጥበታል። የመጀመሪያው ፈተና ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይጀምራል።

አዲሱ ፓወር ሰፕላይ፣ ለኮምፒውተሩ መብራት የሚያድለው ሳጥን፣ ካርቶኑ ላይ ተቀምጦ ጠረጴዛው ላይ ያብረቀርቃል። አጎቷ የመረጡት በእጃቸው ነው። ሸረፈዲን ምስር፣ ጥቁር አዝሙድና በርበሬ ለካምፓላ ሐበሾች ሲሸጡ አሥራ አራት ዓመታቸው ነው፤ እጃቸው በገበያው የታወቀ ነው። ከረጢት ብድግ አድርገው «ሰባት ኪሎ ከሩብ» ይላሉ፤ ሚዛኑ ያንኑ ይላል። ይህን የሚያዩ የኡጋንዳ ደንበኞች ያጨበጭባሉ። ስለዚህ ትናንት መሃል ከተማ ሄደው አራት ካርቶን አስቀርበው አንድ በአንድ አነሱና በጣም ከባዱን ይዘው መጡ። ሳቢራ የኮምፒውተሩን ጎን ከፍታ ልትገጥመው ስትል አንድ ነገር አየች። አዲሱ ይዞት የመጣው ወፍራም መሰኪያ ሃያ አራት ቀዳዳ አለው። የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ ላይ ያለው መቀበያ ግን ትንሽዬ ነው፤ ስምንት ብቻ። ሁለት ጊዜ ቆጠረች። ከዚያ የኮምፒውተሩን ጎን መልሳ ገጠመችው።

ቁርስ ላይ ሻዩን ሦስቱም አብረው ጠጡ፤ እሷ፣ አጎቷና የአጎቷ ሚስት ሱልጣና። «ገጠምሽው?» አሉ አጎቷ፣ ወደ ዳቦው እያዩ።

«ዎንደገያ ሰፈር ወስጄ ለጠጋኝ ላሳየው ነው።»

«ምኑን ታሳዪዋለሽ? አዲስ አይደል?»

«አዲስ ነው» አለች ሳቢራ። እጅዎ ተሳስቷል ብሎ ለእኚህ ሰው መንገር ከዚህ ቤት ማንም አድርጎት አያውቅም፤ ሱልጣና እንኳ፣ በሃያ ዓመት ትዳር። ሱልጣና ግን ከበሩ ድረስ ተከትለዋት ወጡና ለቦዳ፣ ለሞተር ታክሲው፣ የሚሆን ገንዘብ መዳፏ ውስጥ አደረጉላት። «ቀስ ብሎ እንዲነዳ ንገሪው» አሉ። ስለ ኮምፒውተሩ ይሁን ስለ እሷ አልለዩትም።

የቦዳው ሰውዬ አራት ሺህ ብሎ ሦስት ሺህ ላይ ተስማማ። ኮምፒውተሩን በእሷና በነጂው መሃል አድርጋ በሁለት እጇ አቀፈችው፤ ከባዱ ካርቶን በፌስታል ክንዷ ላይ ተንጠልጥሎ በየጉድጓዱ ጉልበቷን ይመታታል። የኮምፒውተር ጠጋኙ የዓንደማርያም ክፍል ዎንደገያ፣ ከማኬሬሬ ኮረብታ ግርጌ፣ በአንድ ፀጉር ቤትና እንቁላል በቻፓቲ ጠቅልሎ ሮሌክስ በሚሸጥ ሰውዬ መሃል የተሰነቀረች ናት። ስፋቷ ከአልጋ አይበልጥም። ግድግዳው እስከ ጣሪያ የተፈታታ ኮምፒውተር ነው። ዓንደማርያም ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከከረን የመጡ ኤርትራዊ ናቸው፤ መነጽራቸውን በላስቲክ ከጆሯቸው ጋር አስረው ጎንበስ ብለው ይሠራሉ። ሳቢራ ባለፈው ዓመት ኪቦርድ ለማሠራት አንድ ጊዜ መጥታ ነበር፤ ያን ቀን ከሰላምታ በቀር ስድስት ቃል የተናገረች አይመስላትም።

«ጓለይ» አሉ፣ በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «እንዲህ አጥብቀሽ ያቀፍሽው ሙሽራው ነው?»

ሳቢራ ሳቀች። ማስኩ ሳቋን ደበቀላት፤ ለዓይን አፋር ሰው ያ ዓመት ይህች አንዲት ጥቅም ነበረችው። የሆነውን ባጭሩ ነገረቻቸው። አሮጌውን ፓወር ሰፕላይ አውጥተው ክዳኑን ፈቱት። ውስጡ እንደ ጣት ጫፍ ያሉ ትንንሽ ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል፤ ሁለቱ አናታቸው አብጦ ቡናማ ነገር አፍስሰዋል። ዓንደማርያም በካቻቢቴው ጫፍ አሳዩዋት።

«ማን አቃጠለው ተባለ?»

«እኔ።»

«በየትኛው እጅሽ? ይህ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚያደርገው ነው። በዚህ ሳምንት ብቻ አምስት መጥቶልኛል። አምስቱንም አንቺ ነሻ።» እያሉ ወደ አዲሱ ዞሩ። ብድግ አደረጉትና ቅንድባቸውን አነሱ። «ኦሆ። ማን መረጠው?»

«አጎቴ። በእጃቸው መዝነው።»

ዓንደማርያም አልሳቁም። የስልካቸውን መብራት አብርተው በፋኑ ቀዳዳ በኩል ወደ ውስጥ አበሩና ጠጋ እንድትል በእጃቸው ጠሯት። ከሽቦዎቹ ሥር አንድ ጥቁር አራት ማዕዘን ነገር ተኝቷል። ሽቦ አይገባበትም፣ ሽቦ አይወጣበትም። ሳቢራ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ምን ይሠራል?» አለች።

«ክብደት ይሠራል» አሉ ዓንደማርያም። «ሌላ ሥራ የለውም።»

ሊከፍቱት አልፈለጉም፤ ብሎኑ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ከተቀደደች ሻጩ አይቀበልም። እሳቸው ዘንድም ለዚህ ኮምፒውተር የሚሆን አልነበረም። በምትኩ የሲጋራ ካርቶን ቀድደው በጀርባው ላይ ይጽፉላት ጀመር፣ እየጻፉም ያወራሉ። ይህ ኮምፒውተር ለቢሮ ተብሎ የተሠራ ነው፤ የሠራው ድርጅት የራሱን መሰኪያ ነው ያደረገበት፣ ስምንት ቀዳዳ። ገበያ ላይ እንደ አዲስ የሚሸጠው ሁሉ ማለት ይቻላል ሃያ አራት ነው። ስለዚህ አዲስ አትፈልጊ፤ ከተመሳሳይ አሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ ፈልጊ። አፉን ካየሽ በኋላ ገላውን እዪ፤ አራቱ የብሎን ቀዳዳዎች ከኮምፒውተሩ ጀርባ ጋር ካልተገናኙ አይቀመጥም። ሳቢራ አጎቷ አዲሱ ስድስት መቶ ዋት ስለሆነ ብዙ መብራት ይበላል ብለው ሰግተው እንደነበር ስትነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዋት የሚችለውን ነው እንጂ የሚበላውን አይደለም የሚናገረው። ያንቺው ሁለት መቶ ዘጠና ይላል። ከሱ እኩል ወይም ከሱ በላይ ከሆነ ጥሩ፤ ካነሰ ተይው። ይህን የዕቃ ቁጥር ደግሞ አሮጌው ላይ ካለው ጽሑፍ ነው የገለበጥኩት፤ የምትገዢው ላይም ይኑር።» ካርቶኗን ሰጧት። ማዘርቦርዱ ከቃጠሎው ይትረፍ አይትረፍ ግን እሳቸውም አያውቁም፤ መብራት ሳያገኝ አይታወቅም። ስንት ልክፈል ስትላቸው ካቻቢቴውን መዳፏ ላይ አስቀመጡት። «ነገ ፈተናሽን ስትጨርሺ ትመልሺልኛለሽ።»

መሃል ከተማ፣ ከአሮጌው ታክሲ ማዞሪያ አጠገብ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ፎቅ ላይ፣ ሰንዮንጋ የሚባል ሰው ኮምፒውተርና የኮምፒውተር ዕቃ ይሸጣል። ከባዱ የተገዛው ከእሱ ነው። ሳቢራ ደረጃው ሥር ኮምፒውተሩን አስቀምጣ ቆመች። ደረሰኙ አጎቷ ኪስ ውስጥ ነው፤ ሳይደውሉ ማለፍ አይቻልም። ሰዎች እየወጡ እየወረዱ ይገፏታል። አንዲት ሴት አናናስ ተሸክማ ሦስት ጊዜ አለፈች። በሦስተኛው ሳቢራ ደወለች።

«አጎቴ፣ ደረሰኙን ይዘው ቢመጡ።»

«ምን ሆነ?»

«አልገጠመም።»

«እመጣለሁ» አሉ።

እስኪመጡ ኮምፒውተሩን ይዛ ፎቅ ወጣችና ሰንዮንጋን አሮጌ እንዲያሳያት ጠየቀችው። ሰንዮንጋ ወፍራምና ፊቱ የማይጨልም ሰው ነው፤ ከጠረጴዛው ሥር ትልቅ የፕላስቲክ ገንዳ ጎትቶ አወጣና «ምረጪ፣ ኛቦ፣ ሁሉም ጥሩ ነው» አላት፤ ኛቦ በሉጋንዳ፣ በከተማው ቋንቋ፣ እመቤት ማለት ነው። ገንዳው ውስጥ ሃያ የሚያህሉ ፓወር ሰፕላዮች ከነገመዳቸው እንደ ፓስታ ተዘባርቀዋል። ሳቢራ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። የመጀመሪያውን ስታነሳ እጇ ሳታዘው ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነው። የአጎቷ እጅ ነው፤ ከየት እንደመጣባት ገርሟት መልሳ አስቀመጠችው፣ ከዚያ ገመዱን ተከትላ መሰኪያውን ፈለገች። ስድስት ቀዳዳ። ሌላ ስድስት። አንዱ ስምንት ነበር፣ ግን ገላው ለቀጭን ኮምፒውተር የተሠራ ረጅምና ጠባብ ነው። አንዱ ሁሉ ነገሩ ትክክል ሆኖ ጽሑፉ መቶ ሰማንያ ዋት ይላል። ሰንዮንጋ «እሱም ይሠራል፣ ውሰጂ» አለ። ሳቢራ «አይ» አለች፣ ካሰበችው በላይ ጮክ ብላ። ከገንዳው ታች፣ አቧራ ከጠጣ ገመድ ሥር፣ ስምንት ቀዳዳ ያለው፣ ገላው ልክ የሆነ፣ ሁለት መቶ ዘጠና የሚል አገኘች። የተለጠፈውን ወረቀት በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ቁጥሩን ከሲጋራው ካርቶን ጋር ፊደል በፊደል አስተያየችው። አንድ ነው።

ሸረፈዲን ደረጃውን ሲወጡ ያለ ወትሯቸው ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። ሰንዮንጋ «ሀጂ» ብሎ ተነሳ፤ ሐጅ ሄደው ባያውቁም ከተማው ውስጥ ሁሉም የሚጠራቸው እንዲያ ነው። ደረሰኙን ሲያሳዩት ግን ከሥር የታተመውን መስመር በጣቱ አሳየ፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። አልገጠመም ማለት ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ካርቶኑ ከተነካካ ደግሞ ጭራሽ። አጎቷ ወደ ሳቢራ ዞረው፣ ተንበርክካ ወለሉ ላይ፣ እጇ በአቧራ ጠቁሮ አዩዋት። በዚህ ጊዜ ግን አይተው ዝም አላሉም።

«ምንድን ነው የሆነው? ተናገሪ እስቲ።»

በአማርኛ ነበር፤ ከሁለቱ በቀር የሚሰማ የለም። «መሰኪያው አይገጥምም። ሌላም አለ፣ አጎቴ። ውስጡ ብረት አለው። ለክብደት ብቻ የተጨመረ።»

ሸረፈዲን ከባዱን ከፌስታሉ አውጥተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት። ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ አደረጉት። «ከባድ ነው እኮ» አሉ። ድምፃቸው ሱቃቸው ውስጥ የሚሰማው አልነበረም።

«ከባድ ነው። እጅዎ አልተሳሳተም። የሠሩት ሰዎች ናቸው ሰው በእጁ እንደሚመዝን የሚያውቁት።»

አጎቷ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «አይተሽዋል?»

«በፋኑ በኩል፣ በመብራት።»

«ከከፈትነው አይመልስም። እርግጠኛ ነሽ?»

ሳቢራ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብላት ዕድሜዋን ሙሉ አላውቅም ስትል ነው የኖረችው። ብረቱን ግን አይታዋለች። ሽቦ አይገባበትም፣ ሽቦ አይወጣበትም። «እርግጠኛ ነኝ» አለች።

«ክፈቺው።»

ወረቀቷ ስትቀደድ ሰንዮንጋ ሁለት እጁን ዘረጋ፣ በቃ ቀረ ለማለት። የጎረቤት ሱቆች ሰዎች ሊያዩ ጠጋ ጠጋ አሉ። አራቱን ብሎን ፈታች፤ አራተኛው እምቢ ሲላት አጎቷ ሳይናገሩ ዕቃውን ከታች ያዙላት። ክዳኑ ተነሳ። ጥቁሩ አራት ማዕዘን በሙጫ ተጣብቆ ነበር፤ በካቻቢቴው ስትገፋው ቷ ብሎ ተላቀቀና ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ከወደቀበት ድምፅ ብረት መሆኑን ለማወቅ ማንም መንካት አላስፈለገውም። ሰንዮንጋ አንስቶ አገላበጠው፣ ለጎረቤቱ በሉጋንዳ አንድ ነገር አለው፣ ከዚያ ከማንም ቀድሞ ራሱ ሳቀ። «ሀጂ» አለ፣ «እኔም ካመጣው ሰውዬ ስገዛ በእጄ መዝኜ ነው።» ሁሉም ሳቁ። ሸረፈዲንም ሳቁ፤ ከሁሉም ኋላ፣ አጭር ሳቅ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ፤ ሰንዮንጋ ከባዱን መልሶ ተቀበለ። አሮጌው ሃምሳ ሺህ ነው። ለቀሪው ሰባ ሺህ ሰንዮንጋ ከመደርደሪያው ስታብላይዘር እንዲወስዱ አለ፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩን የሚጠብቅ። ሁለት ዓይነት አወረደ። የአጎቷ እጅ ወደ አንደኛው ሄደና ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። መልሰው ከሌላው እጃቸው ጋር ከኋላቸው አቆላለፉት።

«ምን ይላል?» አሉ ለሳቢራ። «አንብቢልኝ።»

አነበበችላቸው። ቀላሉን መረጡ። «ብረቱን ግን ስጠኝ፣ ሙኳኖ» አሉት ሰንዮንጋን፣ ወዳጄ ማለታቸው ነው፣ «ገዝቼዋለሁ።» ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ኮታቸው በዚያ በኩል ዘመመ።

እዚያው ጠረጴዛ ላይ ገጠመችው። ስምንቱ መሰኪያ ቀጭ ብሎ ገባ፣ ብሎኖቹም ቦታቸውን አገኙ። ሰንዮንጋ ስክሪን አቀረበላትና ገመዱን ሰካ። ሳቢራ ቁልፉን ተጫነች። ፊት ለፊት ያለችው መብራት ብርቱካናማ ሆና አንዴ ብልጭ አለች፣ ጠፋች፣ ደግማ ብልጭ አለች። ዓንደማርያም ያሉትን አሰበች፤ ይትረፍ አይትረፍ አይታወቅም። ነገ ሱቁን ስትከፍት፣ የምስሩን ከረጢት ስትፈታ፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ ታያት። ሦስተኛውን ብልጭታ ስትጠብቅ መብራቷ ነጭ ሆና ቀረች። ፋኑ ዞረ። አቧራ ተፋባቸው። ሸረፈዲን አቧራውን ከጢማቸው ጠርገው «አልሀምዱሊላህ» አሉ ቀስ ብለው።

በኮሮናው ደንብ ቦዳዎች ሰው መጫን የሚያቆሙት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ሰዓቱ ገና ቢሆንም እነሱ በእግራቸው ተመለሱ፣ ኮምፒውተሩን አጎቷ ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ እሷ ስታብላይዘሩን ይዛ። በመንገድ ስለ ቲማቲም ዋጋ አንድ ጊዜ አነሱ፤ ሌላ አላወሩም። ቤት ደርሳ የፈተናውን ገጽ ከፈተችው። ስሟ አለ፣ ቁጥሯ አለ፣ ነገ ሦስት ሰዓት ይላል። ሱልጣና ከጓሮ መጥተው እጃቸውን እየጠረጉ ከኋላዋ ቆሙ። «ድምፁ ከበፊቱ ይሻላል» አሉ። በድምፁ የተለወጠ ነገር ባይኖርም ሳቢራ «አዎ» አለች።

ከመግሪብ ሰላት በኋላ አጎቷ ከመጋረጃው ወዲያ ሲደውሉ ሰማች። ከአባቷ ጋር ሰላምታ ተለዋወጡ። መጋረጃው ገለጥ ብሎ ስልኩን የያዘው እጃቸው ወደ ውስጥ ገባ። «የሆነውን አንቺው ንገሪው» አሉ። «እኔም ልስማው፤ ከመጀመሪያው ጀምሪ።»

ሳቢራ ስልኩን ተቀበለች። «አባ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው» ብላ ጀመረች። «እኔ ሩዝ እያጠብኩ ነበር።» አጎቷ መጋረጃውን እንደያዙ ቆመው በየዓረፍተ ነገሩ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እንደ ምስክር። አባቷ ብዙ አልተናገረም፤ እንዲህ ብዙ ስታወራ ሰምቷት ስለማያውቅ ይመስላል። ስትጨርስ «ነገ ተረጋግተሽ ሥሪ» አላት።

ስልኩን ለመመለስ ወደ ሱቁ ስትወጣ ሸረፈዲን ሚዛኑ አጠገብ ነበሩ። ብረቱን ከኪሳቸው አውጥተው መዳፋቸው ላይ ከፍ ዝቅ እያደረጉ ነው። «ስምንት መቶ ሃያ» አሉ ሲያዩዋት። ሚዛኑ ላይ አስቀመጡት። ስምንት መቶ አሥራ አምስት አለ። ሁለቱም ቁጥሩን ትንሽ አዩት።

«አምስት ግራም» አሉ አጎቷ። «እያረጀሁ ነው።» ብረቱን አንስተው ነፋስ የሚገልጠው የአዝሙዱ ከረጢት አፍ ላይ ጫኑት፤ ልክ ሆነ። ከዚያ የሱቁን ቁልፍ ከወገባቸው ፈቱ፤ ወትሮ ጠዋት ሳቢራ እንድትከፍት ማታውን ከመስኮቷ ሥር ያስቀምጡት ነበር፤ ዛሬ ግን እንደያዙት ወደ ጓሮው ተጣሩ።

«ሱልጣና፣ ነገ ሱቁን የምትከፍቺው አንቺ ነሽ። ልጅቷ ፈተና አላት።»